ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ካምቢዮ የማይወደው ዘይት

ሶማሌ ተራ ጎራ ብለው የካምቢዮ ዘይት ቢጠይቁ፣ ሻጩ መልሶ የሚጠይቅዎት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዘጠና ነው መቶ አርባ?» ጥያቄው ስህተት የለበትም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ዘጠናና መቶ አርባ የዘይቱን ውፍረት ይናገራሉ። ውስጡ ምን እንደተጨመረበትና ለየትኛው ዓይነት ጥርስ እንደተሠራ አይናገሩም። የአሮጌ መኪና ካምቢዮ የሚሰነብተው ወይም ቶሎ የሚያረጀው ደግሞ በአመዛኙ በዚህ ባልተጠየቀው ነገር ነው።

በምዕራፍ አምስት የሞተር ዘይት ከእሳት ጋር እንደሚኖር አይተናል። በፓምፕ ይገፋል፣ በፊልትሮ ይጣራል፣ የቃጠሎውን ጥላሸት ተሸክሞ ይጠቁራል፤ ስለዚህም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ካምቢዮና ዲፈረንሻል ውስጥ እሳት የለም። በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ ፓምፕም ፊልትሮም የላቸውም፤ ማርሾቹ ራሳቸው ከሥር በተጠራቀመው ዘይት ውስጥ እየጠለቁ ወደ ላይ ይረጩታል። በትንሽ የቤት መኪና ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ያቺው አንድ ሊትር ለዓመታት ትዞራለች፤ ከብረቱ የተፋቀው ደቃቅም አብሯት ይዞራል። መጀመሪያ በትክክል ካልተመረጠች ጥፋቱን የሚያርም ሌላ ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ምርጫውን አስቸጋሪ የሚያደርገው ሁለቱ ሣጥኖች ከዘይት የሚፈልጉት ነገር መቃረኑ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እርስ በርስ መያያዝ ያለባቸው ብረቶች አሉ። ዲፈረንሻል ውስጥ ደግሞ ለአንዲት ቅጽበትም እንኳ መጣበቅ የሌለባቸው ብረቶች አሉ። ሁለቱንም በአንድ ጣሳ ማስደሰት ከባድ ነው።

እየሮጡ አውቶቡስ መሳፈር

በምዕራፍ ሰባት ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩና ካምቢዮው እንደሚለያዩ ተመልክተናል። ያን ጊዜ ያላነሳነው ነገር ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ተረግጦም ቢሆን ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ክፍሎች በተለያየ ፍጥነት መዞራቸውን አያቆሙም። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስንቀይር፣ ከጎማው ጋር የተያያዘው ዘንግ በራሱ ፍጥነት፣ የሦስተኛው ማርሽ ደግሞ በሌላ ፍጥነት ይዞራሉ። ሁለቱ እንዲሁ ቢገናኙ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል። አዲስ ሹፌር ሲያስጮኸው የምንሰማው ያ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ይህ ነው።

መንቀሳቀስ የጀመረ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያውቅ ሰው የዚህ መላ አይጠፋውም። ቆሞ እጀታውን የጨበጠ ይጎተታል። የለመደበት ግን ከአውቶቡሱ ጎን ለጎን ይሮጣል፤ ፍጥነታቸው ሲስተካከል እግሩን ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። ካምቢዮ ውስጥ ይህን ሩጫ የሚሮጠው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ክፍል ነው። ዋናው አካሉ በአሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከናስ የተሠራ ቀለበት ነው። የማርሽ ዱላውን ስንገፋ ቀለበቱ ከማርሹ ጎን ባለው ሾጣጣ ብረት ላይ ይጫናል፣ በሰበቃ ይይዘዋል፣ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ፍጥነቱ እኩል ሲሆን ጥርሶቹ ያለ ግጭት ይገባሉ። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል።

አሁን ያንኑ ሯጭ ጭቃ ላይ ያስቡት። እግሩ ይንሸራተታል፣ ፍጥነት አያገኝም፣ አውቶቡሱ ያመልጠዋል። ዘይቱ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ሲሆን የናሱ ቀለበት የሚደርስበት እንደዚሁ ነው። ሾጣጣውን ለመያዝ ይሞክራል፣ ይንሸራተታል፣ ማርሹም ሳይስተካከል ይገባል። ሹፌሩ «ሲንክሮው አልቋል» ብሎ ካምቢዮ ሊያስወርድ ይችላል፤ ችግሩ ግን ባለፈው ወር የተሞላው ዘይት ሊሆን ይችላል። ካምቢዮ ከማስወረድ በፊት በትክክለኛው ዘይት ቀይሮ ጥቂት ቀን መንዳት ርካሹ ምርመራ ነው። ብዙ ጋራዥ ይህን አይመክርም፤ ምክንያቱን ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

ቀለበቱ ራሱ የዘይቱን ነገር አስቀድሞ አስቦበታል። ውስጡን በጣት ቢዳስሱት እንደ ብሎን ጥርስ የተፈለፈሉ ቀጫጭን መስመሮች ያገኛሉ። ሥራቸው በቀለበቱና በሾጣጣው መካከል ያለውን የዘይት ሽፋን ቆርጦ ማባረር ነው። ዘይቱ በጣም ወፍራም ከሆነ መስመሮቹ በጊዜ ሊያባርሩት አይችሉም። ጠዋት ጠዋት፣ ብርድ ባለበት፣ ሁለተኛ ማርሽ እንቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከደርዘን ማርሽ መቀየር በኋላ ዘይቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሹፌሩም መኪናዋ «ጠባይዋ ነው» ብሎ ይለምዳል።

መፋተግ የማይቀርላቸው ጥርሶች

ወደ ኋላ እንሂድ። ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ጎማዎች ሲደርስ ዘጠና ዲግሪ መታጠፍ አለበት። መታጠፊያው ትንሽ ማርሽና አንድ ትልቅ የቀለበት ማርሽ ናቸው፤ መካኒኮች ፒኞንና ኮሮና ይሏቸዋል። በጥንቶቹ መኪኖች ትንሹ ማርሽ በትልቁ መሐል ልክ ይቆም ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ግሊሰን ኩባንያ፣ ከሮቸስተር ከተማ፣ ትንሹን ማርሽ ከመሐል ዝቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ አሠራር አወጣ። ሃይፖይድ ይባላል። ፓካርድ የተባለው የቅንጦት መኪና ቀድመው ከተጠቀሙበት አንዱ ነበር። ትንሹ ማርሽ ዝቅ ሲል ረጅሙ ዘንግ ዝቅ አለ፤ የመኪናው ወለልም አብሮ ዝቅ አለ። ጥርሶቹም ይበልጥ ጸጥተኛና ጠንካራ ሆኑ። ዛሬም ሞተራቸው ከፊት ሆኖ የኋላ ጎማ የሚነዱት አብዛኞቹ መኪኖች፣ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ይህንኑ ይዘዋል።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። መዳፍና መዳፍዎን አጋጥመው ይጫኑ። አሁን ሳያላቅቁ አንዱን በሌላው ላይ ወደ ፊት ይግፉት። ሙቀቱ ወዲያው ይሰማል። ትንሹ ማርሽ መሐል ላይ በነበረ ጊዜ ጥርሶቹ በአብዛኛው ይንከባለሉ ነበር፤ ዝቅ ሲል ግን በከባድ ጫና ሥር ሆነው በረጅሙ መፋተግ ጀመሩ። በዚህ ዓይነት ጫና መካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ይጨመቅና ይበጠሳል። ብረት ብረትን ይነካል፣ ነጥቡ ይግላል፣ ሁለቱ ለቅጽበት ይበየዳሉ፣ ከዚያ ይገነጠላሉ። ጥርሱ ላይ የሚቀረው የተቧጨረ ፊት ነው። ዘይቱን ማወፈር ብቻውን አያድንም።

መፍትሔው ከኬሚስትሪ መጣ። ዘይቱ ውስጥ የድኝና የፎስፎረስ ውሁዶች ይጨመራሉ። ተራ ቦታ ላይ ዝም ብለው ይዞራሉ። ብረቱ በጣም በጋለበት ነጥብ ላይ ግን ከብረቱ ጋር ይዋሃዱና ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ያ ሽፋን በብረቱ ፈንታ ይፋቃል፣ ተፋቆም እንደገና ይሠራል። ከፍተኛ ጫናን የሚቋቋም ቅመም የሚባለው ይህ ነው። የዲፈረንሻል ዘይት ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጠው ድኙ ስለሆነ፣ ሽታው የዘይቱን መበላሸት አያሳይም። ይህን ቅመም ለመሥራት አንድ ዘመን ከድኝ ጋር የተዋሃደ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጠቀሙ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዓሣ ነባሪዎቹን ከጥፋት ለመጠበቅ ስትከለክል ኬሚስቶች ሌላ ምንጭ ለመፈለግ ተገደዱ። ከተራራ ወደ ቆላ የሚወርድ ፒክአፕና ከውቅያኖስ የወጣ እንስሳ አንድ ታሪክ አላቸው ብሎ የሚገምት ብዙ ሰው አይኖርም።

ቁልቁለትን ካነሳን፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጥሩ ሹፌር ፍሬኑን ለማትረፍ በከባድ ማርሽ ይወርዳል፤ መልካም ያደርጋል። በዚያ ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ስለሆነ ጫናው በዲፈረንሻሉ ጥርሶች ጀርባ ላይ ያርፋል። ወደ ደጀን ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ በፊታቸው በኩል ይመለሳል። በአንድ ጉዞ ሁለቱም የጥርሱ ገጾች ጭነት ያያሉ፤ ዘይቱም ከቆላው ሙቀት ጋር ተደምሮ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ቅመሙ ደካማ የሆነ ዘይት የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ጣሳው ላይ ያለው ሌላው ቁጥር

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የማርሽ ዘይቶችን በቅመማቸው አቅም ጂኤል በሚሉ ፊደላትና ቁጥር ከፋፍሏቸዋል። ዛሬ ለእኛ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። ጂኤል-4 መጠነኛ ቅመም አለው። ጂኤል-5 ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል የተዘጋጀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የጂኤል-4ን እጥፍ የሚያህል ቅመም ይይዛል። ሁለቱም ከአሜሪካ ጦር መመዘኛዎች ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከ1946ቱ፣ ሁለተኛው ከ1962ቱ እ.ኤ.አ.።

አምስት ከአራት ይበልጣልና ጂኤል-5 ለሁሉም ይሻላል ማለት የተለመደ አስተሳሰብ ነው። ሻጩም ይህን ቢል ሐሰት ተናገረ አይባልም፤ ለዲፈረንሻል እውነት ነው። ለካምቢዮ ግን ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛው አውቶቡሱን ያመለጠው ሯጭ ነው፤ ለጥርስ ተብሎ የበዛው ቅመም ቀለበቱን ያንሸራትተዋል። ሁለተኛው የድኝና የመዳብ ጠብ ነው። ናስም ነሐስም መዳብ አለባቸው፤ ንቁ ድኝ ደግሞ በተለይ ዘይቱ ሲግል መዳብን ያጠቁራል፣ ቀስ በቀስም ይበላዋል። የዛሬ ጥሩ ጂኤል-5 ዘይቶች መዳብን የሚከላከል ተጨማሪ ነገር ስላላቸው ይህ ሁለተኛው ፍርሃት ከድሮው ቀንሷል። የመጀመሪያው ግን እንዳለ ነው።

ተቃራኒው ስህተት፣ ማለትም ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ጂኤል-4 መሙላት፣ በእኔ ሚዛን የከፋ ነው። በጂኤል-5 የተሞላ ካምቢዮ ያስቸግራል፣ ያጉረመርማል፣ ጊዜ ይሰጣል። በደካማ ቅመም የሚሠራ ሃይፖይድ ጥርስ ግን አንዴ ከተቧጨረ የሚመልሰው የለም፤ መጮህ ይጀምራል፣ ጩኸቱም ከፍጥነት ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ያገለገለ መኪና ሻጭ ይህን ጩኸት ለጥቂት ቀን ለማፈን ዲፈረንሻል ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይጨምራል የሚለው ወሬ በብዙ አገር የቆየ ነው። ስለዚህ ሲገዙ የዲፈረንሻሉን መሙያ ብሎን አስከፍቶ ጣት አስገብቶ ማየት ነውር የለውም።

በገበያው ላይ «ጂኤል-4/ጂኤል-5» የሚል ጣሳም ያጋጥማል። እኔ እንዲህ ያለውን ዘይት አምራቹ ለሲንክሮናይዘር ካምቢዮ እንደሚሆን በግልጽ ካልጻፈበት በቀር እንደ ጂኤል-5 ነው የምቆጥረው። ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጠውንማ ምን ብሎ መቁጠር እንደሚቻል አላውቅም።

ዘጠና ስንት ነው?

ወደ ሻጩ ጥያቄ እንመለስ። በምዕራፍ አምስት የሞተር ዘይት ቁጥሮችን የተማረ አንባቢ ዘጠና ከአርባ ከእጥፍ በላይ የሚወፍር ይመስለዋል። አይደለም። የሞተር ዘይትና የማርሽ ዘይት የሚለኩት በተለያየ መስፈሪያ ነው። በ100 ዲግሪ ሲለካ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት አሁን ባለው ደረጃ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ይደርሳል፤ ሴንቲስቶክ የውፍረት መለኪያ ነው። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። የሚገናኙበት ቦታ ሰፊ ነው። ቁጥሮቹ ሆን ተብለው እንዲራራቁ የተደረጉት ሰው አንዱን በሌላው እንዳይለውጥ ነው። 140 ቁጥር ግን በእውነት ወፍራም ነው፤ ከ24 ይጀምራል።

80ደብሊው-90 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር የብርድ ጠባዩን ይናገራል። 85ደብሊው እስከ 12፣ 80ደብሊው እስከ 26፣ 75ደብሊው እስከ 40 ዲግሪ ከዜሮ በታች እንዲፈስ ይጠበቅበታል። ለቶሮንቶ ወይም ለሚኒያፖሊስ ነዋሪ ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ ግን በ80ደብሊውና በ85ደብሊው መካከል ያለው ልዩነት ለመኪናው ዕድሜ የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርድበት የሳነቴ አምባም ቢሆን እስከ 26 ከዜሮ በታች አይደርስም። 75ደብሊው-90 የሚያስገኘው ጥቅም ጠዋት ላይ ማርሽ ማለስለሱ ነው፤ ገንዘቡ ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለ አይጸጸቱ።

140ን በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው። አምራቹ በከባድ ሙቀትና ጭነት ለሚሠራ ዲፈረንሻል ከፈቀደው ይሁን። ማርሽ ስለሚጮህ ወይም ዘይት ስለሚያፈስ ተብሎ በካምቢዮ ውስጥ መሙላት ግን ጩኸቱን ይሸፍናል እንጂ ያረጀውን ኩሽኔታ አያድስም፤ የናሱን ቀለበት ሥራ ደግሞ ያከብድበታል።

መጽሐፉ ከደንቡ ይቀድማል

እስካሁን ያልነው ሲጠቃለል «ካምቢዮ ጂኤል-4፣ ዲፈረንሻል ጂኤል-5» ይሆናል። ለብዙ የኋላ ጎማ ነጂ አሮጌ መኪና፣ ለምሳሌ ለድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ፣ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ከአገራችን መንገድ ላይ ብቻ ስንት የሚያፈርሱት አሉ!

ቮልስን እንውሰድ። ካምቢዮዋና ዲፈረንሻሏ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ ዘይታቸውም አንድ ነው። ትንሹ ማርሽ ከመሐል ዝቅ ስላላለ ጥርሶቹ እንደ ሃይፖይድ አይፋተጉም፤ ስለዚህ 90 ቁጥር ጂኤል-4 ሁለቱንም ያስተዳድራል። የፊት ጎማቸውን የሚነዱት ትንንሽ መኪኖችም፣ የኋለኞቹን ኮሮላዎች ጨምሮ፣ እንዲሁ አንድ ሣጥን ናቸው። ከኋላቸው ተንበርክኮ ዲፈረንሻል የሚፈልግ ሰው አያገኝም።

ፔጆ 404 ደግሞ ደንቡን ገልብጣዋለች። ዲፈረንሻሏ ውስጥ ኮሮናና ፒኞን የለም፤ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ የብረት ዘንግ የነሐስ ጥርስ ጎማ ያዞራል። እዚያ ውስጥ «ዲፈረንሻል ነውና» ተብሎ ጂኤል-5 መሙላት መዳብና ድኝን በአንድ ቤት መቆለፍ ነው። ካምቢዮዋ ደግሞ በፋብሪካው መመሪያ መሠረት የሞተር ዘይት ነበር የሚሞላው፤ የቀድሞ ሆንዳዎችም እንዲሁ። ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና የኖረችው ላዳ ሌላ ነገር ትላለች። የሶቪየት መመሪያዋ ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም አንድ ዓይነት ዘይት ነበር ያዘዘላት፤ ደረጃውም ለጂኤል-5 የቀረበ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከተገኘ ይህን ምዕራፍ ዘግተው እሱን ይክፈቱ።

ሲቀየር

ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች በመደበኛ አነዳድ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ያዛሉ። አዲስ ለተገዛ አሮጌ መኪና ግን ታሪኩ ስለማይታወቅ ወዲያውኑ መቀየር ይሻላል። መኪናው ጥቂት ተነድቶ ዘይቱ ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ደቃቁንም ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ የሚፈታው ከጎን ያለው መሙያ ብሎን ነው፤ ማፍሰሻው ከዚያ በኋላ። ሥርዓቱን የገለበጠ ሰው ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የዛገው መሙያ እንቢ ሲለው መኪናው የቆመበት ይቀራል። ማፍሰሻው ብሎን ላይ ማግኔት ካለ የተለጠፈበትን ያንብቡት። ግራጫ፣ እንደ ግራሶ የለሰለሰ ዝቃጭ የዕድሜ ነገር ነው። በጣት የሚቆረቁር ስባሪ ግን ከጥርስ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ከካምቢዮ በወጣው ዘይት ውስጥ ወርቅ የመሰለ ብልጭልጭ ከታየ ከናሱ ቀለበት የተፋቀ ነው። አዲሱ ዘይት መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ሲደርስና ሊፈስ ሲል ይበቃዋል።

ወንዝ የሚሻገሩ መኪኖች የተለየ ጉዳይ አላቸው። ዲፈረንሻሉ ላይ አየር የሚያስተነፍስ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ቱቦ አለ። በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ የሞቀው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋዋል፤ ባለቤቱም ኦይል ሲል ያስቀይራል፣ ከሳምንት በኋላ ያው ማፍሰስ ይቀጥላል። መኪናው ከረጅም ጉዞ ትኩስ እንደሆነ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰባልና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ኪሎ ሜትሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ይቀየራል፣ ቱቦውም ተነፍቶ ይጸዳል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቱቦውን እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ ማስረዘም ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል።